መመለስም ጉዞ ነው

በካዛንቺስ ወይም በቂርቆስ ሰፈር ቡና ቤት ተቀምጦ ስለ ስኪ ማውራት የጀመረ ሰው በመጀመሪያ የሚያገኘው ምላሽ ፈገግታ ነው። በረዶ ለእኛ ከክረምት ዝናብ ጋር ወርዶ ቆርቆሮ የሚደበድብ፣ ልጆች ከደጅ እየለቀሙ የሚቆረጥሙትና ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ውሃ ሆኖ የሚቀር ነገር ነው። ለወራት ሳይቀልጥ አምባውን ሁሉ የሚሸፍን፣ ሰዎች በመሪ እየተመሩ ቀናት ፈጅተው የሚያቋርጡት በረዶ የሌላ ዓለም ወሬ ይመስለናል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ከዚያ ሩቅ ዓለም አንድ ትምህርት ወደ ቤታችን ማምጣት ነው። ትምህርቱም በአጭሩ ይህ ነው፦ በብርዳም አምባ ላይ ለሚጓዝ ቡድን ከሁሉ የሚልቀው ዕውቀት መቼ መመለስ እንደሚገባ ማወቅ ነው፤ ይህን የመወሰን ሥልጣንም ጉዞው ከመጀመሩ በፊት ለመሪው በግልጽ መሰጠት አለበት።

ጉዳዩ ለእኛ ባዕድ አይደለም። ባለፉት ዓመታት በአዲስ አበባ የእግር ጉዞ ቡድኖች ተበራክተዋል። በዕረፍት ቀናት ገና ሳይነጋ ከመስቀል አደባባይና ከካዛንቺስ አካባቢ ሚኒባሶች ሰው እየጫኑ ወደ መናገሻ ሱባ፣ ወደ ወንጪ፣ በዓላት ሲገጣጠሙም እስከ ባሌ ተራሮች ይዘልቃሉ። የሳይንስ ተማሪዎችም ለመስክ ትምህርት ይወጣሉ። ወጣቱ አገሩን በእግሩ ማወቅ መጀመሩ እጅግ ደስ የሚያሰኝ ነው። ይሁን እንጂ ብዙዎቻችን ለጉዞው የምንዘጋጀው ፎቶግራፍ ለመነሣት እንጂ ብርድን ለመቋቋም አይደለም።

ስኪና እኛ

አስቀድመን ፈገግታውን እንመልስ። በክረምት ኦሎምፒክ ኢትዮጵያን ለመጀመሪያ ጊዜ የወከለው አዲስ አበባ የተወለደው ሮቤል ተክለማርያም ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 በጣሊያን ቶሪኖ በ15 ኪሎ ሜትር የአገር አቋራጭ ስኪ ተወዳድሮ 83ኛ ወጥቷል፤ በ2010ም በካናዳ ቫንኩቨር ተሳትፏል። በረዶ በሌለበት አገር ጎማ በተገጠመለት ስኪ አስፋልት ላይ ይለማመድ እንደነበር ለሰማ ሰው፣ ስኪ የሥልጠናና የዕውቀት ጉዳይ እንጂ የትውልድ አገር ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ ግልጽ ነው።

የስኪ ምስጢር በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከተማርነው የፊዚክስ ሕግ የራቀ አይደለም። ግፊት ማለት ኃይል ለሚያርፍበት ስፋት ሲካፈል የሚገኘው ነው። አንድ ሰው በሁለት ጫማዎቹ ሲቆም ክብደቱ የሚያርፈው በ400 ካሬ ሴንቲ ሜትር ገደማ ላይ ነው። እያንዳንዳቸው 2 ሜትር ርዝመትና 5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባላቸው ሁለት ስኪዎች ላይ ሲቆም ግን ያው ክብደት በ2,000 ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ ይከፋፈላል። ግፊቱ በአምስት እጅ ስለሚቀንስ በጫማው እስከ ጉልበቱ ይሰምጥ የነበረው ሰው በበረዶው ገጽ ላይ እየተንሸራተተ ይሄዳል።

ነጩ አምባ ያስተማረው

በዚህ ዓይነት ጉዞ ከሚታወቁት ቦታዎች አንዱ በደቡብ ኖርዌይ የሚገኘው የሃርዳንገርቪዳ አምባ ነው። በክረምት ቡድኖች በመሪ እየተመሩ፣ ስንቃቸውን በጀርባቸው አዝለው ወይም በበረዶ ላይ በሚንሸራተት ጋሪ እየጎተቱ፣ ለቀናት ያቋርጡታል። ከፍታው ከአዲስ አበባ ከፍታ እጅግ ያነሰ ቢሆንም ዛፍ የሌለበት ገላጣ ምድር ስለሆነ ነፋስን የሚያግድ ነገር የለም። ጭጋግ ሲወርድ ሰማዩና ምድሩ አንድ ዓይነት ነጭ ይሆኑና የቆመ ሰው ቁልቁለት ላይ ይሁን ሜዳ ላይ መለየት ያቅተዋል። በኋላ ደቡብ ዋልታን ለመርገጥ የመጀመሪያ የሆነው ሮአልድ አሙንድሰን እንኳ እ.ኤ.አ. በ1896 ከወንድሙ ጋር ይህን አምባ ለማቋረጥ ሞክሮ ሞት አፋፍ ላይ ደርሶ ነበር። ሌሊት በተኛበት ጉድጓድ የወረደበት በረዶ ስለ ረጋበት በማግሥቱ ወንድሙ ቆፍሮ አወጣው።

ኖርዌጂያኖች ሲወለዱ ጀምሮ ከስኪ ጋር ያድጋሉ ቢባልም ተራራው ይህን አይቶ አልማራቸውም። እ.ኤ.አ. በ1967 በፋሲካ በዓል ሰሞን 18 ሰዎች በተራሮቻቸው ላይ ሕይወታቸውን አጡ። ከዚያ በኋላ ቀደም ሲል በ1950ዎቹ የወጣው የተራራ ጉዞ ደንብ በሰፊው ለሕዝብ እንዲዳረስ ተደረገ። በዚህ ደንብ ውስጥ በጊዜ መመለስ የሚያሳፍር እንዳልሆነ የሚናገር አንቀጽ አለ። የአየር ሁኔታን አጥኑ፣ በቂ ልብስ ያዙ የሚሉት ምክሮች በማንኛውም መጽሐፍ ይገኛሉ። ስለ ኀፍረት የሚናገር ደንብ ግን የሰውን ልብ ከሚያውቁ ሰዎች ብቻ የሚወጣ ነው።

የታሪክ ምስክርም አለው። እ.ኤ.አ. በጥር ወር 1909 ኧርነስት ሻክልተን ሦስት ባልደረቦቹን ይዞ በአንታርክቲካ ከፍተኛ አምባ ላይ ሲጓዝ ደቡብ ዋልታ ሊደርስ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ቀርቶት ነበር። የቀረውን ስንቅና የባልደረቦቹን ጉልበት ከርቀቱ ጋር አመዛዝኖ ተመለሰ። አራቱም በሕይወት ወጡ። ከሦስት ዓመት በኋላ ሮበርት ስኮትና አራት ባልደረቦቹ ዋልታው ላይ ደረሱ፤ በመልስ ጉዞ ግን አምስቱም አለቁ። ለሞታቸው ብዙ ምክንያቶች ተደራርበዋልና በአንድ ውሳኔ ብቻ መፍረድ አይገባም። ቢሆንም አንድ ነገር ከሁለቱ ጉዞዎች መማር ይቻላል፤ መድረሻው የጉዞው እኩሌታ እንጂ ፍጻሜው አይደለም።

የእኛው ውርጭ

አባቶቻችን አገሩን በረሃ፣ ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋና ውርጭ ብለው ሲከፍሉ ቴርሞሜትር አልነበራቸውም። ሆኖም የመጨረሻውን ከፍታ በብርዱ ስም መጥራታቸው ምን ያህል ያውቁት እንደነበር ያሳያል። ከዚህ የውርጭ ምድር ሰፊው ክፍል በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ የሚገኘው የሳነቴ አምባ ነው። አምባው በአመዛኙ 4,000 ሜትር ከፍታ ላይ የተዘረጋ ሲሆን፣ ከላዩ 4,377 ሜትር የሚደርሰው የቱሉ ዲምቱ ተራራ ይነሣል። በአዲስ አበባ ዳርቻ ከሚገኘው ስመ ሞክሼው ሰፈር ጋር ግን አይምታታ። ቀይ ቀበሮ ፍልፈል የሚያድነው፣ ጅብራ ብቻውን እንደ ዘበኛ ቆሞ የሚታየው በዚህ ነው።

በሳነቴ ዛሬ ቋሚ በረዶ የለም፤ አልፎ አልፎ ቢጥልም ፀሐይ ታቀልጠዋል። በበረዶ ዘመን ግን አምባው የበረዶ ግግር ነበረበት። ሰውም ሩቅ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ የሆነ ጥናት እንዳመለከተው፣ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመታት በፊት ባለው ጊዜ ውስጥ ሰዎች 3,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በሚገኘው የፊንጫ ሀበራ ዋሻ ይጠለሉ፣ ትልቁን ፍልፈል እየጠበሱ ይበሉ ነበር። እነዚያ ሰዎች ያን ብርድ የተቋቋሙት እሳትን፣ መጠለያንና አካባቢያቸውን ስላወቁ እንጂ ብርድ ስላልተሰማቸው አይደለም።

ልዩነቱን በቁጥር ለማየት ካዛንቺስን መነሻ እናድርግ። የአፍሪካ አዳራሽ የቆመበት ይህ ሰፈር ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ይርቃል። ከዚህ እስከ ቱሉ ዲምቱ ጫፍ ያለው የከፍታ ልዩነት 2,000 ሜትር ያህል ነው። በአየር ውስጥ በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ሙቀት በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀንሳል። ስለዚህ ካዛንቺስ ላይ 18 ዲግሪ በሆነበት ሰዓት ተራራው ላይ 5 ዲግሪ ያህል ሊሆን ይችላል። በዚያ ላይ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ነፋስ ሲጨመር የሰው ገላ ብርዱን የሚቀበለው ዜሮ ዲግሪ እንደሆነ አድርጎ ነው። የአየር ግፊቱም ካዛንቺስ ላይ በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ሲሆን፣ ሳነቴ ላይ ወደ 60 በመቶ ይወርዳል። ውሃ ካዛንቺስ ላይ በ92፣ ሳነቴ ላይ በ87 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። አምባው ላይ ባቄላ ቀቅሎ ለመብላት የሞከረ ሰው ይህን በሆዱ ያውቀዋል።

ይህ ሁሉ በቀን ነው። ሌሊት በተለይም በበጋ ወራት ሰማዩ ጥርት ሲል ምድሩ ሙቀቱን ወደ ላይ እየለቀቀ ስለሚቀዘቅዝ ሙቀቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል። በክረምት ደግሞ ጧት ብሩህ የነበረው ሰማይ ከቀትር በኋላ ይጠቁርና ነጎድጓድና በረዶ ያወርዳል። ዛፍ በሌለበት ገላጣ አምባ ላይ መብረቅ የሚፈልገው ረጅም ነገር መንገደኛው ራሱ ነው።

ሰውነት ሲቀዘቅዝ

ሰውነታችን የሚሠራው በ37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። የውስጥ ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ ሲያንስ ሃይፖተርሚያ የሚባለው አደጋ ይጀምራል። በመጀመሪያ መንቀጥቀጥ ይመጣል፤ ይህ ጡንቻዎች ሙቀት ለማመንጨት የሚያደርጉት ትግል ነው። ቀጥሎ ጣቶች ይቆፍናሉ፣ ምላስ ይተሳሰራል፣ እግር ይደናቀፋል። ሙቀቱ ወደ 32 ዲግሪ ሲጠጋ መንቀጥቀጡ ያቆማል። ያን ጊዜ በሽተኛው የተሻለው ይመስላል፤ እውነቱ ግን ሰውነቱ መታገሉን መተዉ ነው። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ብርዱ አስቀድሞ የሚያደክመው የማመዛዘን ችሎታን መሆኑ ነው። በመሆኑም የቀዘቀዘ ሰው ስለ ራሱ የሚሰጠው ምስክርነት ሊታመን አይገባም።

ውሃ ሙቀትን ከአየር በሃያ እጥፍና ከዚያ በላይ ፈጥኖ ይወስዳል። ጥጥ ሲርስ ውሃውን ይዞ ይቆያልና የረጠበ ጋቢ ከሚያሞቀው ይልቅ የሚያቀዘቅዘው ይበልጣል። የበግ ጸጉር ግን ረጥቦም ቢሆን ከሙቀቱ የሚያስቀረው አለው። የመንዝ ሰው በርኖስና ዝተት የሚለብሰው ያለ ምክንያት አይደለም።

አንድ ቀን በአምባው ላይ

በተማሪነቴ ዘመን ከደረሰብን አንድ ነገር ልጥቀስ። ሃያ የምንሆን ወጣቶች ሳነቴ ላይ በእግር ስንጓዝ መሪያችን የአካባቢው ተወላጅ፣ ከብዙዎቻችን በዕድሜ የሚያንስ ልጅ ነበር። እኩለ ቀን ላይ ወደ ምዕራብ አይቶ “ደመናው አላማረኝም፣ ከዚህ ብንመለስ ይሻላል” አለን። የጉዞው አዘጋጅ ሳቀ። “ይኼን ሁሉ መንገድ መጥተን? ጫፉ እኮ ይታያል!” አለው። ልጁ አንድ ጊዜ ደገመና ዝም አለ። እኛም ዝም አልን።

ከአንድ ሰዓት በኋላ በረዶው ወረደብን። ሩብ ሰዓት ያህል ብቻ ቆየ፤ ነገር ግን ሁላችንም ራስን። አንዱ ጓደኛችን በጥጥ ሹራብ ብቻ ነበር። ሲንቀጠቀጥ አይተን “እንዴት ነህ?” ስንለው “ደኅና ነኝ” ይላል። ጥቂት ቆይቶ “ደኅና” የምትለው ቃል በአፉ ውስጥ ተንጋደደች። ከዚያም ድንጋይ ላይ ተቀምጦ “እናንተ ሂዱ፣ እኔ እደርስባችኋለሁ” አለ። መሪው ሮጦ መጣና የራሱን የሱፍ ልብስ አውልቆ አለበሰው። እርጡቡን ሹራብ አስወለቀው፣ ከድንጋይ ከለላ አስገባው፣ በሁለት ሰዎች መካከል አስቀመጠው። አንዱ ተጓዥ አረቄ ቢያወጣ መሪው ከለከለ። ልክ ነበረ፤ አረቄ በቆዳ ሥር ያሉትን የደም ሥሮች ስለሚያሰፋ ሙቀት የመጣ ያስመስላል እንጂ የውስጡን ሙቀት ያባክናል። ሙቅ ጣፋጭ ሻይ ከጠጣ በኋላ ቀስ አድርገን ወደ መኪናው አወረድነው። ጓደኛችን ዳነ።

ማታ እሳት ዳር መሪውን “ለምን አጥብቀህ አልተቃወምክም?” ብዬ ጠየቅሁት። “ጋሼ፣ እናንተ ከአዲስ አበባ የመጣችሁ የተማራችሁ ሰዎች ናችሁ። የከፈላችሁትም እናንተ ናችሁ። እኔ ምን ብዬ?” አለኝ። ይህ መልስ እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልወጣም። በዚያ ቀን ከሁላችንም ይበልጥ ሳይንሳዊ የነበረው እርሱ ነበር። ተመልክቷል፣ ካለፈው ልምዱ ጋር አነጻጽሯል፣ ተንብዮአል፤ ትንበያውም ደርሷል። ያጣው ዕውቀትን ሳይሆን ሥልጣንን ነው።

ይሉኝታ እንደ አደጋ

ከዚህ ታሪክ የምረዳው አደጋው ከበረዶው በፊት መጀመሩን ነው። ይሉኝታ በመንደር ሲኖሩ መልካም ጠባይ ነው፤ ጎረቤትን ያስከብራል፣ ጠብን ያበርዳል። በውርጭ አምባ ላይ ግን ሰው ይገድላል። የበረደው ሰው “ቡድኑን ላዘግይ?” ብሎ ይደብቃል፣ መሪው “ያባርሩኝ ይሆናል” ብሎ ይተዋል፣ ሌላው “እኔ ብቻ ፈሪ ልባል?” ብሎ ዝም ይላል። ሃያ ሰው በየልቡ መመለስ እየፈለገ ሃያው ሰው ወደ ፊት ይሄዳል።

አንዳንዶች “አያቶቻችን በባዶ እግራቸው ደጋውን ሲያቋርጡ ኖረዋል፤ ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ወጣቱን ማስፈራራት ነው” ይሉ ይሆናል። እርግጥ ነው፣ የኢትዮጵያ ደገኞች ሰውነት ለከፍታ የተለየ ብቃት እንዳለው እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ ጥናት አሳይቷል፤ 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሰዎች ደማቸው የያዘው የሄሞግሎቢንና የኦክስጅን መጠን በዝቅተኛ ቦታ እንደሚኖር ሰው ሆኖ ተገኝቷል። ነገር ግን ይህ የኦክስጅን ነገር እንጂ የእርጥብ ልብስ ነገር አይደለም። ደገኛው ደግሞ ደመናውን አይቶ ከብቱን ቀድሞ ይመልሳል፤ ፎቶግራፍ ለመነሣት ብሎ በጭጋግ ውስጥ አይቆይም።

ሌሎች ደግሞ “መሪውስ ቢሳሳት? ደመናው ሳይዘንብ ቢያልፍስ?” ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። በሳይንስ ሁለት ዓይነት ስሕተት አለ፤ አደጋ ሳይኖር አለ ማለትና አደጋ እያለ የለም ማለት። የመጀመሪያው ስሕተት የሚያስከፍለን አንድ ከሰዓት በኋላና ጥቂት ቅሬታ ነው። ሁለተኛው የሚያስከፍለን የሰው ሕይወት ሊሆን ይችላል። ዋጋቸው ካልተካከለ ሁለቱን ስሕተቶች በእኩል ዓይን ማየት አይገባም። በጥርጣሬ ጊዜ መመለስ ፍርሃት ሳይሆን ትክክለኛ ስሌት ነው።

ምን ይደረግ?

እኔ የማቀርበው አሳብ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። አንደኛ፣ መኪናው ከካዛንቺስም ሆነ ከመስቀል አደባባይ ከመነሣቱ በፊት ተጓዡ ሁሉ ተሰብስቦ መሪው “እንመለስ” ካለ ክርክር እንደሌለ፣ ክፍያውም በዚህ ምክንያት እንደማይቀነስ ይስማማ፤ ስምምነቱም በጽሑፍ ይሁን። መሪው ቃሉን ሲናገር የልጁን ገቢ የሚያስፈራራ ነገር ሊኖር አይገባም። ሁለተኛ፣ የመመለሻ ሰዓት አስቀድሞ ይወሰን። በአገራችን ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ የምትጠልቀው ከምሽቱ 12 ሰዓት ገደማ ነውና፣ ለምሳሌ ከቀኑ 7 ሰዓት ሲሆን ጫፉ ቢታይም ባይታይም ፊት ወደ ኋላ ይዙር። ሰዓቱ የሚወሰነው ጧት አእምሮ ሳይደክም ነው።

ሦስተኛ፣ ልብስ ሲነሣ ይፈተሽ፤ በገላ ላይ የሚውለው ሱፍ ወይም ቶሎ የሚደርቅ ልብስ፣ ከላይ ዝናብ የማያሳልፍ ይሁን። ጋቢው ሳይርስ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ለሌሊት ይቆይ። አራተኛ፣ ተጓዦች ሁለት ሁለት ሆነው አንዱ ሌላውን ይጠብቅ። “ደኅና ነህ ወይ?” ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ በቀጥታ መሥመር ጥቂት እርምጃ ያራምደው፣ ረዘም ያለ ዓረፍተ ነገር ያናግረው። ከቡድኑ ፊት መሪው፣ ከኋላ ደግሞ ማንም ቀርቶ እንዳይቀር የሚጠብቅ ሰው ይኑር፤ ፍጥነቱም የዘገምተኛው ፍጥነት ይሁን። ከ3,000 ሜትር በላይ የሚያድሩም በየቀኑ የማደሪያቸውን ከፍታ ከ500 ሜትር በላይ ባይጨምሩ ይመረጣል።

አምስተኛው የእኛ የሳይንስ ሰዎች ድርሻ ነው። ተማሪዎቻችን በመስክ ጉዞ ሁሉ ሙቀትን፣ የነፋስን ፍጥነትና ደመናው የተነሣበትን ሰዓት ይመዝግቡ። መዝገቡ ለአካባቢው መሪዎች ይሰጥ። እኛ ስለ ሃይፖተርሚያ የምናውቀውን እናስተምራቸው፤ እነርሱ ደመናን ማንበብ ያስተምሩን። ከሁለቱ አንዱ መምህር፣ ሌላው ተማሪ ብቻ የሚሆንበት ምክንያት የለም።

ውድ አንባቢያን፣ በሳነቴ ስኪ የሚያስኬድ በረዶ የለም፤ በረዶው ያስተማረውን ትምህርት ለመውሰድ ግን ስኪ አያስፈልግም። ቱሉ ዲምቱ ነገም እዚያው አለ፤ ዛሬ ያልደረሰበት ሰው በሌላ ቀን ይደርስበታል። የቡድን ጉዞ የሚቆጠረው በተወጣው ከፍታ አይደለም። ማታ መኪናው ካዛንቺስ ሲደርስ የወረዱት ሰዎች ጧት ከተሳፈሩት ጋር እኩል ከሆኑ፣ ጉዞው ተሳክቷል። መልካም ጉዞ፤ መልካም መመለስ።